ቅመም የገባበት ኦቾሎኒ በቤት፦ ለገና፣ ለጥምቀትና ለስጦታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ከጓደኛም ከጎረቤትም የሚመጣልኝ ጥያቄ ይመሳሰላል። «በርበሬው አረረብኝ።» «በማግስቱ ለሰለሰ።» «ለአማቶቼ ይዤ ልሄድ ነው፣ በምን ላሽገው?» ጎንደር ላይ ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት እንግዳ የማይገባበት ቤት የለም። ቡናው ይፈላል፣ ፈንዲሻው ይቀርባል፣ ቆሎው ይዞራል። እኔ ከቆሎው ጎን ቅመም የገባበት ኦቾሎኒ ማቅረብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የተሳካልኝንም ያበላሸሁትንም እዚህ ጽፌዋለሁ። ጊዜ የሌላችሁ ስለ በርበሬው ማረር የጻፍኩትን ብቻ አንብቡ። ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው።

ለውዝና ኦቾሎኒ አንድ ናቸው?

በገበያ ቋንቋ አዎ። ቅዳሜ ገበያ ሄዳችሁ «ለውዝ አለ?» ብትሉም «ኦቾሎኒ አለ?» ብትሉም የሚሰፈርላችሁ ያው ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን ለውዝ ሌላ ነው። የአሮን በትር ለምልማ ያፈራችው ለውዝ የዛፍ ፍሬ ነው። ዛሬ ሱፐርማርኬት ውስጥ «አልሞንድ» ተብሎ በውድ የሚሸጠው እሱ ነው።

ኦቾሎኒ የባቄላና የአተር ዘመድ ነው። አበባው ከመሬት በላይ ያብብና ፍሬው አፈር ውስጥ ገብቶ ያድጋል። እዚህ ሁሉ የምጽፈው ስለ ኦቾሎኒ ነው። የሀገር ውስጥ ምርት ነው፣ በየገበያው ይገኛል፣ በርበሬንም በደንብ ይሸከማል።

ጥሩ ኦቾሎኒ እንዴት ልምረጥ?

ጥሬውን ግዙ። የተቆላና ጨው የገባበት ከሆነ መቼ እንደተቆላ አታውቁም፣ ሁለተኛ እሳት ሲያገኘው ደግሞ ይመራል። አዲሱ ምርት ከጥቅምት ወዲህ ገበያ ስለሚገባ ለገና ስትገዙ «የዘንድሮ ነው ወይስ የአምና?» ብላችሁ ጠይቁ። በስም የታወቀው የምሥራቅ ሐረርጌው የባቢሌ ኦቾሎኒ ነው። ከቤኒሻንጉል በኩልም ጥሩ ኦቾሎኒ ይመጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት እፍኝ አድርጋችሁ አሽትቱ። የአፈር ሽታ ችግር የለውም። የምድር ቤት ሽታ፣ ማለት እርጥብ ጆንያ የሚሸት ከሆነ፣ ተዉት። ከዚያ ሦስት አራት ፍሬ ለሁለት ክፈሉ። ውስጡ ነጣ ያለ ክሬም መልክ ሊኖረው ይገባል። ቢጫ ወይም ግራጫ ከሆነ፣ መሃሉ ላይ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ብናኝ ካያችሁ፣ በርካሽ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ይህን የምለው ለጣዕም ብዬ ብቻ አይደለም። ኦቾሎኒ እርጥበት ሲያገኘው የሚበቅልበት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። መርዙ ጉበት ይጎዳል፣ ለረጅም ጊዜ ሲበላ ደግሞ የጉበት ካንሰር ያመጣል። መጀመሪያ የታወቀው በፈረንጆች 1960 እንግሊዝ አገር ውስጥ ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች ከሞቱ በኋላ ነው። ዶሮዎቹ የበሉት መኖ በሻገተ ኦቾሎኒ የተሠራ ነበር። ዋናው ነገር ይህ ነው፦ መቁላት መርዙን አያጠፋውም። ቅመምም አይሸፍነውም። ስለዚህ ቤት ስትደርሱ ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ልክ እንደ ምስር ልቀሙት። የጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የተነቀዘውን ጣሉ። እየበላችሁም አንድ ፍሬ ከመረራችሁ ትፉት እንጂ አትዋጡት።

በርበሬውም በዚያው ዓይን ይታይ። እርጥበት የነካው በርበሬ ላይ ያው ሻጋታ ይበቅላል።

ስንት ኪሎ ልግዛ?

ለአንድ እንግዳ አንድ እፍኝ፣ ወደ 30 ግራም፣ ይበቃል። ስለዚህ 1 ኪሎ የተፈለፈለ ኦቾሎኒ ከ30 ሰው በላይ ያዳርሳል። ከነቅርፊቱ ከገዛችሁ ከ1 ኪሎው የሚወጣው ፍሬ ወደ 700 ግራም ነው፣ ያንን አስባችሁ ግዙ። የጎንደር ጥምቀት ላይ እንግዳ ቆጥሮ የጨረሰ ሰው ስለሌለ እኔ ሁልጊዜ ግማሽ ኪሎ ጨምሬ እይዛለሁ።

ከመቁላቴ በፊት ልንከረው?

ግዴታ አይደለም፣ ግን እኔ እነክረዋለሁ። ከላይ የሚነሰነስ ጨው ምላስ ላይ ብቻ ይቀራል። ተነክሮ የገባ ጨው ግን ፍሬው ሲቆረጠም ከውስጥ ይመጣል።

ግማሽ ሊትር ትኩስ ውሃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙ። 1 ኪሎ ኦቾሎኒ ጨምራችሁ 30 ደቂቃ ተዉት። ውሃው ካልሸፈነው አንድ ሁለት ጊዜ አገላብጡት። ከዚያ በወንፊት አጥልላችሁ ሰፌድ ላይ በስሱ ዘርጉት። የታኅሣሥና የጥር ፀሐይ ጥሩ ነው፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ወፎቹን የሚጠብቅ ሰው ግን ያስፈልጋል። ፀሐይ ከሌለ፣ እንጀራ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ምጣዱ በቀረው ትኩሳት ላይ ትሪ አስቀምጡና ትሪው ላይ አድርቁት። በቀጥታ ምጣዱ ላይ አታፍስሱ። ጨውና የእንጀራ ምጣድ አይስማሙም።

ልጣጩን ላውልቀው?

እንደ ምርጫችሁ ነው። ቀዩ ልጣጭ ትንሽ ይመራል፣ ግን ጉዳት የለውም። ችግሩ ከቅመሙ ጋር ነው። በርበሬው ልጣጩ ላይ ይጣበቅና ልጣጩ ሲረግፍ አብሮት ይወርዳል። ለስጦታ ከሆነ አውልቁት። ከእሳት እንደወረደ፣ ሞቅ እንዳለ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላችሁ እሹት። ከዚያ በሰፌድ አበጥሩት። ደጅ ውጡና አበጥሩት፣ ያ ቀይ ገለባ ቤት ውስጥ ከገባ ለሳምንት አይለቅም።

በከሰል ይሻላል ወይስ በኤሌክትሪክ?

በሁለቱም ያምራል። ሚስጥሩ እሳቱ ረገብ ማለቱ ላይ ነው።

በከሰል ከሆነ ከሰሉ ነበልባሉ ጠፍቶ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ። ወፍራም ብረት ምጣድ ይሁን፣ በአንድ ጊዜም ከግማሽ ኪሎ በላይ አታድርጉ። ሲበዛ የታችኛው ያራል፣ የላይኛው ጥሬ ይቀራል። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉ። ሳታቋርጡ ስል ስልክ ሲጠራም ሳታቋርጡ ማለቴ ነው። ቡና እንደሚቆላ ሰው ከምጣዱ አጠገብ ነው መዋል ያለባችሁ። መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ምንም የማይሆን ይመስላል። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ትዕግሥት አጥቶ ከሰሉን ያራግባል። አታራግቡ። ሙቀቱ ወደ ፍሬው መሃል እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል። በኃይለኛ እሳት የተቆላ ኦቾሎኒ ላዩ ጠቁሮ ልቡ ጥሬ የባቄላ ጣዕም አለው።

ኦቨን ያላችሁ 160 ዲግሪ ላይ አድርጉት። ትሪው ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጡት፣ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይበቃዋል። መብራት መሃል ላይ ከሄደ አትደንግጡ። በሩን ሳትከፍቱ ተዉት፣ ሲመጣ ከቆመበት ይቀጥላል። ካልመጣ ወደ ከሰል አዙሩት።

መድረሱን በምን አውቃለሁ?

በጆሮ፣ በአፍንጫ፣ በዓይን። መጀመሪያ ይንጣጣል። ከዚያ ጥሬ ሽታው ጠፍቶ ጎረቤት የሚጠራው ሽታ ይመጣል። ያኔ አንዷን ፍሬ አውጥታችሁ ክፈሏት። ውስጧ የገለባ መልክ ከያዘ አውርዱ። ቡኒ እስኪሆን ከጠበቃችሁ አልፏል፣ ምክንያቱም ኦቾሎኒ ከእሳት ከወረደ በኋላም በራሱ ዘይት ትኩሳት ትንሽ ይበስላል። ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ትሪ ገልብጡት። ምጣዱ ላይ አታቆዩት።

ሲወርድ ለስላሳ ነው። «አልበሰለም» ብላችሁ አትመልሱት። ቀጭ የሚለው ሲቀዘቅዝ ነው።

በርበሬው ለምን ያርርብኛል?

ከኦቾሎኒው ጋር አብራችሁ ስለምትቆሉት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት እኔም እንደዚያ አደረግሁ። ጥሬ ኦቾሎኒ፣ ዘይት፣ በርበሬ፣ ሁሉንም በአንድ ምጣድ ላይ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ምጣዱ ጨሰ። እናቴ ከጓዳ እያሳለች ወጣች፣ ልጆቹ በር ከፍተው ሮጡ፣ ቤቱ በሙሉ አስነጠሰ። ግማሽ ኪሎ ኦቾሎኒና በስንት ድካም የተዘጋጀ የቤት በርበሬ አብረው ተጣሉ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ በርበሬው ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ኦቾሎኒው ለመብሰል 20 ደቂቃ ይፈልጋል። በርበሬ ግን ደቃቅ ዱቄት ነው፣ በውስጡም ስኳር አለው፣ ትኩስ ብረት ላይ በአንድ ሁለት ደቂቃ ይጠቁራል። ሁለቱ በአንድ እሳት ሊበስሉ አይችሉም። ሚጥሚጣም፣ የነጭ ሽንኩርት ዱቄትም፣ ቀረፋም ያው ናቸው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ኦቾሎኒውን ብቻውን ቁሉትና አውርዱ። በትንሽ መጥበሻ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ሞቅ አድርጉ። እስኪጨስ አይደለም፣ ጣት ቢያስጠጉት ሙቀቱ እስኪሰማ ነው። መጥበሻውን ከእሳት አውርዱ። አሁን በርበሬውን ዘይቱ ውስጥ ጨምሩና በማንኪያ አማስሉ። ቀስ እያለ ሲፍለቀለቅ፣ ዘይቱ ቀይ ሲሆንና የጥሬ በርበሬ ሽታው ወደ ወጥ ሽታ ሲቀየር ታዩታላችሁ። የበርበሬ ቀለሙም ማቃጠሉም የሚሟሟው በዘይት ውስጥ ነው፣ በውሃ አይደለም። ከዚያ ገና ትኩስ የሆነው ኦቾሎኒ ላይ አፍስሱና በሁለት ማንኪያ ከታች ወደ ላይ እያነሳችሁ አዋህዱት። በመጨረሻም በጣም በረገበ እሳት ላይ 3 ደቂቃ ብቻ መልሱት፣ ላዩ እንዲደርቅ። ከዚያ በላይ አታቆዩት።

ይህን አንድ ነገር ከያዛችሁ ሌላው ሁሉ ይስተካከላል።

ቅመሙ ከሥር ይቀራል፣ ኦቾሎኒው ላይ አይዝም። ምን ላድርግ?

ሦስት ምክንያት ይኖረዋል። ኦቾሎኒው ቀዝቅዞ ይሆናል፤ ትኩስ ሲሆን ነው የሚይዘው። ቅመሙ ሻካራ ይሆናል፤ ኮረሪማውን በሙቀጫ ወቅጣችሁ በወንፊት ንፉት። ወይም ዘይቱ በዝቷል። ዘይት ሲበዛ ቅመሙ ይንሸራተታል፣ እጅም ይቀባል።

ውጭ አገር ያሉ ሰዎች የእንቁላል ነጭ መትተው ነው የሚያጣብቁት። ጥሩ ይይዛል። ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ የገና ጾም ነው፣ የጥምቀት ዋዜማም ገሃድ ነው፣ እንቁላል አይሆንም። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ ተልባ ነው። 1 የሾርባ ማንኪያ ያልተፈጨ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ውሃ 5 ደቂቃ አፍሉ። ውሃው ወፈር ብሎ ሲዝለገለግ ትኩሱን በወንፊት አጥልሉ። ከዚያ ዝልግልግ ውሃ 2 የሾርባ ማንኪያ ለግማሽ ኪሎ የተቆላ ኦቾሎኒ ይበቃል። አሹት፣ ቅመሙን ነስንሱ፣ በረገበ እሳት ላይ ወደ 10 ደቂቃ እያማሰላችሁ አድርቁት። ዘይት የለውም፣ እጅ አይቀባም፣ ቅመሙም እንደ ቆዳ ይይዛል። ለስጦታ የሚሆነው ይሄኛው ነው።

ምን ምን ቅመም ላድርግ?

የእኔ ልክ ሁሉ ለ1 ኪሎ ነው። ኦቾሎኒውን በጨው ውሃ ነክራችሁት ከሆነ ጨው አትጨምሩ።

በቤታችን ቶሎ የሚያልቀው የበርበሬው ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ። የቤት በርበሬ ራሱ ቅመም ስላለው ሌላ አትደራርቡበት። ኮረሪማውን ግን አትተዉት። ከቅርፊቱ ያወጣችሁት ጥቁር ፍሬ ሙቀጫ ውስጥ ሲሰበር የሚወጣው ሽታ ነው ይህን ነገር የበዓል የሚያደርገው። ተፈጭቶ የሚሸጠው ቆይቶ ሽታው ስለሚጠፋ ፍሬውን ገዝታችሁ ራሳችሁ ውቀጡት።

ቢራ ለሚጠጡ እንግዶች ሚጥሚጣ አቀርባለሁ። 2 የሻይ ማንኪያ ብቻ ነው፣ ሚጥሚጣው ራሱ ጨው ስላለው ጨው አይጨመርም።

የሚያቃጥል ለማይስማማው ሰው ጦስኝ ድንቅ ነው። ከደጋው የሚመጣውን ደረቅ ጦስኝ በእጃችሁ እሹት፣ እንጨቱን ለቅማችሁ ጣሉ። 2 የሾርባ ማንኪያ ቅጠል፣ 1 የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ አዝሙድ፣ ትንሽ የነጭ ሽንኩርት ዱቄት። ጨጓራ ያለባቸው ዘመዶቼ ስማቸው የተጻፈበትን የጦስኝ ጠርሙስ ይጠብቃሉ።

በስኳር የተለበጠውን እንዴት ልሥራ?

ይሄኛው ከጥሬ ነው የሚጀመረው። 2 ብርጭቆ ጥሬ ኦቾሎኒ፣ 1 ብርጭቆ ስኳር፣ አንድ ሦስተኛ ብርጭቆ ውሃ። ሁሉንም አንድ ላይ ምጣድ ላይ አድርጉና መካከለኛ እሳት ላይ አማስሉ።

መጀመሪያ ስኳሩ ይሟሟና ይፈላል። አረፋው ትልልቅ ይሆናል፣ ከዚያ እየወፈረ ይሄዳል። ስምንት አሥር ደቂቃ ገደማ ላይ ድንገት ይደርቃል። ሽሮፕ የነበረው ነጭ አሸዋ ሆኖ ኦቾሎኒውን ይለብሰዋል። ብዙ ሰው «ተበላሸ» ብሎ የሚያወርደው እዚህ ላይ ነው። አልተበላሸም። እሳቱን ቀንሱና ማማሰሉን ቀጥሉ። ከሥር ያለው አሸዋ ቀስ በቀስ መልሶ ይቀልጣል፣ ማር ይመስላል። እያገላበጣችሁ ያንን የቀለጠ ስኳር ለእያንዳንዱ ፍሬ አዳርሱ። አምስት ደቂቃ ያህል ነው። ሲያብረቀርቅ፣ ግን ገና አሸዋው እዚህም እዚያም ሲታይ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቀረፋ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ዝንጅብል፣ ቁንጥር ኮረሪማና ቁንጥር ጨው ነስንሱ። ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ገልብጡና በሁለት ሹካ ቶሎ ቶሎ ለያዩት። ከቀዘቀዘ በኋላ አይላቀቅም።

የቀለጠ ስኳር ከፈላ ውሃ የባሰ ያቃጥላል፣ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ልጆች በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት አይግቡ። እናንተም ለመቅመስ አትቸኩሉ።

ቴርሞሜትር ላላችሁ አንድ ነገር ልበል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል። እዚህ ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ከውጭ የመጣ የከረሜላ አሠራር ስለ ሽሮፕ ሙቀት የሚለውን ቁጥር በ7 ዲግሪ ቀንሱት። ያለዚያ ቁጥሩ እስኪደርስ ስትጠብቁ ስኳሩ ያራል።

በስኳር ፈንታ ማር ማድረግ እችላለሁ?

ትችላላችሁ፣ ግን በሳምንት ውስጥ ለሚበላ ብቻ ነው። ማር ከአየር እርጥበት ይስባል። ዛሬ ቀጭ ያለው በሦስተኛው ቀን እጅ ይይዛል። ከስኳርም ቶሎ ያራል። ማር ከወደዳችሁ ሰሊጥ ጨምሩበትና እንደ ኳስ አድቦልቡሉት። ሰሊጥ ደግሞ ከመተማና ከሁመራ ስለሚመጣ እዚህ አያሳጣንም። ኳሱ ቢለሰልስም ያምርበታል።

ካሹና አልሞንድ ብጠቀምስ?

ይሆናል፣ ዋጋው ግን ውድ ነው። ካሹ ከኦቾሎኒ ቶሎ ስለሚያር 12 ደቂቃ ላይ ማየት ጀምሩ። እኔ ካሹ ላይ ጦስኝ እንጂ በርበሬ አላደርግም፣ ለስላሳ ጣዕሙን ይውጠዋል።

ከገብስ ቆሎ፣ ከሽምብራና ከሱፍ ጋር መቀላቀል ይቻላል?

በጣም! ወጪም ይቀንሳል። የደምብያ ሽምብራ ባለበት አገር ኦቾሎኒ ብቻውን ማቅረብም አይገባም። ግን ለየብቻ ቁሉ። ሱፍ ከሁሉም ቶሎ ይደርሳል፣ ገብስና ሽምብራ ጠንካራ እሳት ይፈልጋሉ፣ ኦቾሎኒ ቀስታ ይፈልጋል። ሽምብራው ሌሊቱን ተነክሮ ደርቆ ከተቆላ ጥርስ አይፈታተንም። ሁሉም ከቀዘቀዙ በኋላ ነው የሚቀላቀሉት። በቅመም የሚታሸው ኦቾሎኒውና ሽምብራው ብቻ ይሁን፤ ገብሱ ባዶውን ሲሆን የበርበሬውን ኃይል ያበርደዋል።

በማግስቱ ለሰለሰብኝ። ለምን?

ትኩሱን ከድናችሁት ይሆናል። ትኩስ ኦቾሎኒ እንፋሎት ያወጣል። እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ይወርዳል። አንድ ዓመት ለከተራ ዋዜማ ደክሜ የሠራሁትን ማታ ላይ በፌስታል አስሬ ተኛሁ። ጠዋት ፌስታሉ ከውስጥ አልቦት አገኘሁት። ከዚያ ወዲህ ትሪ ላይ በስሱ ዘርግቼ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ሳላቀዘቅዝ አልከድንም። መዳፍ ሲነካው ቀዝቃዛ መሆን አለበት፣ ለብ ያለ አይበቃም።

የለሰለሰው የተበላሸ አይደለም። በረገበ እሳት ላይ 5 ደቂቃ እያማሰላችሁ መልሱትና እንደገና አቀዝቅዙት። በስኳር የተለበጠውን ግን አትመልሱት፣ ይቀልጥባችኋል።

ስንት ቀን ይቆያል?

በርበሬና ዘይት የነካው ሦስት ሳምንት፣ በተልባ የደረቀውና በስኳር የተለበጠው አንድ ወር። ክዳኑ የሚገጥም ጠርሙስ፣ ጨለማ ቁም ሳጥን፣ ከምድጃ ራቅ ያለ ቦታ። የክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ጠላቶቹ ብርሃን፣ ሙቀትና አየር ናቸው። የቆየ ዘይት ወይም የቀለም ሽታ ከሸተታችሁ አልፎበታል። ጥሬው ፍሪጅ ውስጥ ታሽጎ ወራት ይቆያል፣ ስለዚህ ብዙ ገዝታችሁ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ መቁላት ይሻላል።

ለልጆችና ለታላላቆች መስጠት ይቻላል?

ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሙሉ ፍሬ አትስጡ። ወደ ጉሮሮ ገብቶ ያንቃል፣ በተለይ እየሮጡና እየሳቁ ሲበሉ። በዓል ላይ ሳህኑ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ስለሚቀመጥ ይህን የቤቱ ሰው ሁሉ ይወቀው። ጥርስ ለሌላቸው አባቶችና እናቶች ቅመም የሌለውን በሙቀጫ ወቅጣችሁ በትንሽ ማር ለውሱት። የጎረቤታችን እማማ ሁሌም «የእኔዋስ?» ይሉኛል፣ የእሳቸው በትንሽ ሲኒ ለብቻ ነው የሚቀመጠው።

የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ትንፋሹ እስከመቆም ሊደርስ ይችላል። ለማታውቁት ሰው ከመስጠታችሁ በፊት ጠይቁ።

ለስጦታ በምን ላሽገው?

እኔ የማር ጠርሙስ አጠራቅማለሁ። በፈላ ውሃ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተደፍቶ፣ ጠብታ ውሃ እስከማይቀርበት ደርቆ። ኦቾሎኒውን እስከ አፉ ሙሉት፤ ባዶ ቦታ ሲቀር አየር ይይዛል። በክዳኑ ላይ የሸማ ቁራጭ በክር እሰሩበት። ወረቀት ላይ ውስጡ ያለውን ሁሉ፣ የሠራችሁበትን ቀንና «ኦቾሎኒ አለበት» የሚለውን ጻፉ።

ለቅርብ ዘመድ፣ ለአማት፣ ለክርስትና አባት ከሆነ ግን ትንሽ ሙዳይ ግዙ። የጎንደር ስፌት ሠሪዎች የሚሰፉት ባለቀለም ሙዳይ ኦቾሎኒው ካለቀ በኋላም ቤት ውስጥ ይኖራል። አየር ስለሚያስገባ ኦቾሎኒውን መጀመሪያ በላስቲክ አሽጉና ከዚያ ሙዳዩ ውስጥ አስቀምጡ። በርበሬ የነካ ኦቾሎኒ በቀጥታ ከፈሰሰበት ስፌቱ ዘይት ይጠጣል፣ ቀይ ምልክቱም አይለቅም።

ከጥምቀት በኋላ በአውቶቡስ ለሚመለሱ እንግዶች ጠርሙስ አትስጡ፣ ይሰበራል። ክዳን ያለው ቀላል ላስቲክ ዕቃ ይሁን፣ የመንገድ ስንቃቸው ነው። በስኳር የተለበጠውን ስጧቸው፣ በርበሬው በመንገድ ላይ ውሃ ያስጠማቸዋል።

ለከተራ ይዤ ልውጣ?

ያዙ እንጂ። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ቆሞ መዋል አለ፣ ሌሊቱን እዚያው የሚያድር ሰውም ብዙ ነው። የጥር ሌሊት ደግሞ ይበርዳል። ዕለቱ ገሃድ ስለሆነ የሚበላው ከጾሙ ሰዓት በኋላ ነው፣ ቅቤና እንቁላል የነካውም አይያዝም። የተልባው ለዚህ ይመቻል፣ ነጠላ አይቀባም። እኔ ወረቀት እንደ ፈንገስ ጠቅልዬ ከታች አጥፌ አሥራ አምስት ያህል እሠራለሁ። አንዱን ለራሴ እይዛለሁ፣ ሌላው ለአጠገቤ ሰው ነው። ንጋት ላይ ጸሎቱ አልቆ ወጣቶቹ ወደ ውሃው ሲዘሉ ብርድ እየመታቸው የሚወጡትን ታገኛላችሁ። ለእነሱ የሚጥሚጣውን ስጧቸው።